ስንዴ ከማሳ እስከ ሸዋ በር፦ ራስን የመቻል ሂሳብ

ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ካለው ገበያ ስንዴ ሊሸምት የወጣ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «የየት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። «የባሌ ነው» ወይም «የአርሲ ነው» ከተባለ ጥቂት ዘግኖ በመዳፉ ያሻል፣ ፍሬውን ያያል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ክርክሩ ይገባል። «የዕርዳታ ነው» ከተባለ ደግሞ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይጀምራል። ስንዴው በጅቡቲ በኩል የመጣ ከሆነ የሚነሣው ጥያቄ የዶላር ጥያቄ ነው።

ይህች አጭር ጥያቄ ኢትዮጵያ በስንዴ ራሷን ለመቻል የሄደችበትን ረጅም መንገድ በውስጧ ይዛለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት አገሪቱ በየዓመቱ ከ15 ሚሊዮን ኩንታል ያላነሰ ስንዴ ከውጭ ታስገባ ነበር። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ስንዴ ወደ ውጭ መላክ መጀመሩን በይፋ አበሠረ። በዚህ መካከል ምን ተሠራ? የቀረውስ ምንድን ነው? ከሁሉም በላይ ደግሞ ስንዴ የማታመርተው፣ ነገር ግን ስንዴ የምትበላው ሐረር ከዚህ ምን ትማራለች? ነጋዴው፣ ደላላውና ገንዘቡን በዱቄት ወይም በመጋዘን ላይ ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት ሊያውቀው የሚገባ ጉዳይ በመሆኑ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይጠቅማል።

ጫት ሸጦ ዳቦ መግዛት

ሐረርጌ የማሽላ፣ የበቆሎ፣ የቡናና የጫት አገር ነው። በጋራ ሙለታ ዙሪያና በደደር ደጋማ ቀበሌዎች ስንዴና ገብስ ቢዘራም የገበሬው ይዞታ ጠባብ ነው፤ ምርቱ በአብዛኛው ከቤት ፍጆታ አያልፍም። ከዚህም በላይ ውኃ ያገኘ መሬት ሁሉ ወደ ጫት አዘንብሏል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከአንድ ጥማድ መሬት የሚገኘው የጫት ገቢ ከስንዴው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ የምሥራቅ ሐረርጌ ገበሬ ጫቱን አወዳይ አውርዶ ይሸጣል፣ በገንዘቡም እህል ይገዛል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ አንፃራዊ ብልጫ የሚባለው ይህ ነው። ገበሬው ተሳስቷል የሚል ካለ ሂሳቡን ይሥራ።

ከተማው በበኩሉ ስንዴን በብዙ መልክ ይበላል። ከዳቦው ሌላ ፓስታና መኮሮኒ አለ፣ ሳምቡሳና ፈጢራ አለ፣ በረመዳን ወር ደግሞ ሙሸበክ አለ። በታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ሰሞን መንገዱን የሚያጥለቀልቀው ምእመንም በልቶ የሚያድረው በአብዛኛው ዳቦ ነው። በመሆኑም የሐረር የስንዴ ፍላጎት ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም፤ በበዓላቱ ዙሪያ ይነሣል፣ በሌላው ጊዜ ይረግባል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ ሐረር በስንዴ ረገድ የገዢ ገበያ ናት፤ ዋጋው የሚወሰነው ሌላ ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ የገዢው አቅም ከጫት ገበያ ጋር የተሳሰረ ነው። ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌላንድ የሚሄደው ጫት በቀረጥም ሆነ በመንገድ ችግር ሲሰናከል ከሳምንት በላይ ሳይቆይ እህል ተራው ላይ ይታወቃል። የስንዴውን አቅርቦት ብቻ እየተመለከተ የጫቱን ዋጋ የማይጠይቅ የእህል ነጋዴ ገበያውን በአንድ ዓይኑ ነው የሚያየው።

ከዓለማያ እስከ ቁሉምሳ

የስንዴ ምርምር ታሪክ ሲነሣ ግን ሐረርጌ ባይተዋር አይደለችም። ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተ ነው። በዱረም ስንዴ፣ ማለትም ለፓስታና ለመኮሮኒ በሚውለው ጠንካራ ስንዴ፣ ምርምሩ የታወቀው የደብረ ዘይት ጣቢያም ለብዙ ዓመታት በዚሁ ኮሌጅ ሥር ነበር። ዛሬ በየወረዳው ተበትነው ከሚሠሩት የእርሻ ባለሙያዎች ብዙዎቹ የዚህ ግቢ ልጆች ናቸው።

የዳቦ ስንዴው ሥራ ደግሞ ወደ አርሲ ያመራል። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ ሥራውን የጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት፣ በተለምዶ «ካዱ» የሚባለው፣ ምርጥ ዘርን፣ ማዳበሪያንና ብድርን አንድ ላይ አቀናጅቶ ለገበሬው አቀረበ። የቁሉምሳ የምርምር ማዕከልም መነሻው ይኸው ዘመን ነው። ምርቱ በርግጥ ጨመረ። ይሁን እንጂ ስንዴ አትራፊ መሆኑን የተመለከቱ ባለመሬቶች ትራክተር እየገዙ ጭሰኛውን ከመሬቱ ማስነሣት ያዙ። የልማቱ ዋና ተጠቃሚ እንዲሆን የታሰበው ሰው ከልማቱ የተነሣ መሬት አልባ ሆነ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ይህን አስቀረ፤ ግን ሌላ ችግር ይዞ መጣ።

በደርግ ዘመን በአርሲና በባሌ ሰፋፊ የመንግሥት እርሻዎች ተቋቋሙ፤ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትም ከገበሬው በኮታና በተቆረጠ ዋጋ እህል መሰብሰብ ጀመረ። የግል ነጋዴው ከገዛው እህል ከፊሉን ለድርጅቱ እንዲያስረክብ ይገደድ ነበር። እህል ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ማዘዋወርም በኬላ የታጠረ ነበር። በዕድሜ የገፉ የሐረር ነጋዴዎች ይህን ዘመን አይረሱትም፤ ትርፍ ባለበት አገር እህል በርካሽ ተከማችቶ ሳለ እጥረት ባለበት አገር ዋጋው ይንር ነበር። ገበሬውም ዋጋ ባጣ ቁጥር የሚዘራውን ቀነሰ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ኮታው ተነሣ፣ ኬላው ተከፈተ፣ እህሉም መንገዱን አገኘ።

የህንድ ትምህርት

በዚህ ጉዳይ ህንድን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1965 እና በ1966 ተከታታይ ድርቅ ሲመታት ህንድ ሕዝቧን ትመግብ የነበረው በአሜሪካ የእርዳታ ስንዴ ነበር። በ1966 ብቻ 10 ሚሊዮን ቶን ገደማ እህል ከውጭ ገባ። መርከብ ከዘገየ ሕዝብ ይራባል እስከ መባል ተደርሶ ነበር።

ታዲያ ምን አደረጉ? የእርሻ ሚኒስትሩ ሲ. ሱብራማንያም፣ ሳይንቲስቱ ኤም. ኤስ. ስዋሚናታን እና በሜክሲኮ አጭር አገዳ ያለው ስንዴ ያዳቀለው ኖርማን ቦርሎግ ሥራቸው ተገናኘ። ህንድ በ1966 ከሜክሲኮ 18,000 ቶን ዘር ገዛች። እ.ኤ.አ. በ1965 አካባቢ 12 ሚሊዮን ቶን ገደማ የነበረው የስንዴ ምርት በ1970 ወደ 20 ሚሊዮን ቶን ደረሰ። በ1968 ምርቱ ከመጋዘን ተርፎ ትምህርት ቤቶች ለእህል ማከማቻነት እስከ መዋል ደርሰው ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው የዘሩ ታሪክ ነው። ለነጋዴ የሚጠቅመው ግን ሌላው ግማሽ ነው። ህንዶች ዘሩን ከመግዛታቸው በፊት፣ በ1965፣ ሁለት ተቋማት አቋቁመው ነበር። አንደኛው ለገበሬው የሚከፈለውን ዝቅተኛ ዋጋ የሚያጠና ኮሚሽን ሲሆን ሁለተኛው በዚያ ዋጋ የሚገዛ የምግብ ኮርፖሬሽን ነው። የፑንጃብ ገበሬ ማዳበሪያ በብድር ሲገዛ ምርቱ ቢበዛም ዋጋው ከተወሰነ ወለል በታች እንደማይወርድ ያውቅ ነበር። ልብ ይባል፣ መንግሥት የቆረጠው ወለሉን ነበር፤ ገበሬው ከዚያ በላይ የሚከፍለው ነጋዴ ካገኘ ለእርሱ ይሸጣል።

ኢትዮጵያ ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ፕሮግራምና እሱን ተከትሎ የመጣው የመንግሥት የኤክስቴንሽን ሥራ የበቆሎን ምርት በእጅጉ አሳደገ። በ2001 ግን ምርቱ ገበያውን አጥለቅልቆ የበቆሎ ዋጋ ተንኮታኮተ። የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ገበሬ በቀጣዩ ዓመት ማዳበሪያ አልገዛም። በላዩ ላይ የ2002 ድርቅ ተጨመረና በ2003 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ትርፍ ምርት ባገኘች በሁለት ዓመት ውስጥ አገሪቱ እጇን ዘረጋች። ዘር ነበር፣ ማዳበሪያ ነበር፤ ገበያ ግን አልነበረም።

ዋግ የሚባል ጠላት

ስንዴ ከሌላው እህል የሚለይበት አንድ አደጋ አለ፤ ዋግ። ይህ በነፋስ የሚጓዝ የሻጋታ በሽታ በየጊዜው ጠባዩን እየለወጠ የተስፋፋውን ዝርያ ያጠቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. «እንኮይ» የተባለውን ዝርያ የግንድ ዋግ ጣለው። ቀጥሎ የተስፋፋውን «ኩብሳ» በ2010 ቢጫ ዋግ መታው። በምትኩ የተሠራጨውን «ዲገሉ» ደግሞ በ2013 መጨረሻ በባሌና በአርሲ ሌላ የግንድ ዋግ ደረሰበት። እነ «ካካባ» እና «ደንደአ» የተባሉት ዝርያዎች የመጡት ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ይወጣል። ራስን መቻል አንድ ጊዜ ተደርሶበት የሚታረፍበት ቦታ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚከፈል የምርምር ወጪ ያስፈልገዋል። ለሸዋ በር ነጋዴም የሚነግረው አለ። የሐረር ስንዴ በአብዛኛው ከባሌና ከአርሲ የሚመጣ በመሆኑ በመስከረምና በጥቅምት ከዚያ አካባቢ የዋግ ወሬ ከተሰማ በኅዳርና በታኅሣሥ እንደ ልማዱ ይወርዳል የተባለው ዋጋ ላይወርድ ይችላል።

በጋ የሚዘራ ስንዴ

እነዚህ ሁሉ ችግሮች እያሉም ምርታማነቱ አድጓል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በሄክታር 12 ወይም 13 ኩንታል ይገኝ የነበረው የስንዴ ምርት በማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ የ2013 ዓ.ም. የመኸር ጥናት 30 ኩንታል ገደማ ደርሷል። በዚያው መኸር 1.9 ሚሊዮን ሄክታር መሬት ተዘርቶ 58 ሚሊዮን ኩንታል ያህል ስንዴ ተገኝቷል። በኩታ ገጠም ማረስ፣ ምርጥ ዘርና ኮምባይነር ለዚህ ድርሻ አላቸው።

ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው ከመኸር ውጭ ነው። በ2011 ዓ.ም. በጥቂት ሺህ ሄክታር የተጀመረው የበጋ መስኖ ስንዴ በ2015 ዓ.ም. ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንዲዘራ ታቀደ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቆላው ሙቀት የሚችል ዝርያ ካገኘና ውኃ ከቀረበለት ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ አንድ ተጨማሪ ምርት መስጠት ይችላል። በአዋሽ ሸለቆ አሚባራ፣ የወረር ምርምር ማዕከል ባለበት፣ ጥጥ በሚያርፍበት ወቅት ስንዴ መዝራት ይቻላል የሚለው ሙከራ ለዚህ መንገድ ከፍቷል። በሶማሌ ክልልም በዋቢ ሸበሌ ዳርቻ ጎዴ አካባቢ ስንዴ ተዘርቷል።

ለሐረር ይህ ጂኦግራፊ ቀላል ነገር አይደለም። የባሌ ስንዴ አዳማን ዞሮ፣ አዋሽንና ጭሮን አቋርጦ፣ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ነው ሐረር የሚደርሰው። የአዋሽ ሸለቆ ስንዴ ከዚህ መንገድ ከግማሽ በላዩን ያስቀራል። የምርት ወቅቱም ይለያል። ድሮ ዋጋ የሚወርደው ከኅዳር እስከ ጥር ብቻ ነበር፤ ከዚያ እስከ መስከረም ይወጣ ነበር። አሁን የመስኖው ምርት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲገባ በዓመቱ አጋማሽ ሁለተኛ ቅናሽ ሊፈጠር ይችላል። በጥር ገዝቶ ለሐምሌ የሚያከማች ነጋዴ ይህን ሁለተኛ ምርት ሳያሰላ ከገባ የጠበቀውን ትርፍ በሚያዝያ ያጣዋል።

የመስኖው ሥራ የራሱ ወጪ እንዳለው ግን መዘንጋት አይገባም። ፓምፕ ነዳጅ ይጠጣል። የአሚባራ መሬት ውኃ በበዛበትና ማጠንፈፊያ ባነሰበት ጊዜ ጨው የሚያወጣ መሬት ነው። ይህ ወጪ በገበሬው ላይ ያረፈ ዕለት ዋጋው ካልከፈለው ወደ ሌላ ሰብል ይሄዳል።

ቁጥሩና ገበያው

መንግሥት የስንዴ ምርት ከ100 ሚሊዮን ኩንታል በላይ መድረሱን ሲገልጽ ቆይቷል። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅትም በጥር 2016 ዓ.ም. ሮም ላይ ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድ የአግሪኮላ ሜዳይ ሰጥቷል። በሌላ በኩል የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት የሚያወጣቸው ግምቶች ከመንግሥት ቁጥር በእጅጉ ያነሱ ናቸው፤ ከውጭ የሚገባ ስንዴም መኖሩን ይመዘግባሉ።

ነጋዴው በዚህ ክርክር ዳኛ መሆን አይጠበቅበትም። ሊመለከተው የሚገባው ሌላ ምስክር አለ፤ ዋጋ። በ2015 ዓ.ም. ስንዴ ወደ ውጭ መላክ በተጀመረበት ወቅት ዩኒየኖች ከገበሬው የሚገዙበት ዋጋ በኩንታል 3,200 ብር ተቆርጦ ነበር። የነፃው ገበያ ዋጋ ግን ከዚህ በላይ ነበር። ገበሬው ምርቱን ለነጋዴ እንዳይሸጥ፣ እህልም ከምርት አካባቢ እንዳይወጣ በኬላዎች ላይ የተደረገው ቁጥጥር በወቅቱ ብዙ አነጋግሯል። በዚያው ሰሞን የዱቄት ፋብሪካዎች ስንዴ አጥተናል ሲሉ፣ ዳቦ ቤቶች ዋጋ ሲጨምሩ፣ ሸማቹ የሚሰማው ዜናና የሚገዛው ዳቦ አልገጥም አሉት።

እዚህ ላይ የህንዱ ልዩነት ይታያል። ህንዶች ወለል ቆርጠው ጣሪያውን ለገበያ ተዉት። በ2015ቱ አሠራር የተቆረጠው ዋጋ ከገበያው በታች በመሆኑ ለገበሬው ጣሪያ ሆነበት። ወለል ያለው ገበሬ የበለጠ ይዘራል፤ ጣሪያ የተደረገበት ግን ወይ ይደብቃል ወይ ሰብል ይለውጣል። ህንድም ብትሆን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 የአገር ውስጥ ዋጋ ሲንርባት ስንዴ ወደ ውጭ እንዳይሄድ አግዳለች፤ ለራሱ የተረፈው አገርም ሲቸግረው በሩን ይዘጋል።

የዶላሩ ሂሳብ

ስንዴ ከውጭ የሚገባበት ዋጋ ለአገር ውስጡ ስንዴ ጣሪያ ነው። የአገር ውስጡ ከዚያ ከተወደደ ነጋዴው ፊቱን ወደ ወደብ ያዞራል። ይህን ጣሪያ ሁለት ነገሮች ያንቀሳቅሱታል፤ የዓለም ዋጋና የብር ምንዛሪ።

የዓለም ዋጋው በየካቲት 2014 ዓ.ም. የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር ሽቅብ ተወረወረ፤ ኢትዮጵያ ከምትገዛው ስንዴ ብዙው ከጥቁር ባሕር አገሮች ይመጣ ስለነበር ጉዳቱ በቶሎ ተሰማ። ምንዛሪው ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ።

ለምሳሌ ያህል አንድ ቶን ስንዴ ጅቡቲ ላይ 250 ዶላር ያወጣል እንበል። ኩንታሉ 25 ዶላር ይሆናል። ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ኩንታሉ 1,425 ብር ነው። ዶላሩ እጥፍ ሆኖ 114 ብር ሲገባ ያው ኩንታል 2,850 ብር ይሆናል። በስንዴው ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ ከዚህ ላይ የወደብ፣ የጭነት፣ የባንክና የመጫኛ ማውረጃ ወጪ ገና አልተጨመረም። እንግዲህ የምንዛሪው ለውጥ ለባሌው ገበሬ እንደ ጥበቃ ግንብ ሆኖለታል፤ ለሐረሩ ዳቦ ገዢ ደግሞ የጣሪያው ከፍ ማለት ነው።

ግንቡ ግን ቀዳዳ አለው። ማዳበሪያውም የሚገዛው በዶላር ነው፤ የሚገባውም በዚያው በጅቡቲ መስመር ነው። ስንዴው አገር ውስጥ ቢበቅልም የስንዴው ምግብ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ለማምረት የሚያስችል ፋብሪካ ለማቋቋም ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ስምምነት መፈረሙ ከዚህ አንፃር የሚታይ ነው። ፋብሪካው ቆሞ ምርት ሲሰጥ የስንዴው ሂሳብ ይለወጣል። እስከዚያው ግን ዶላር በወጣ ቁጥር የገበሬው ወጪም ይወጣል።

የምሥራቁ ገበያ ሌላም ተፎካካሪ አለው። በቶጎ ውጫሌና በሌሎች የድንበር መስመሮች የሚገባው ሩዝ፣ ፓስታና ዱቄት ጅጅጋን አልፎ ሐረር ይደርሳል። ሐረር ላይ የሚቋቋም የዱቄት ፋብሪካ የሚወዳደረው ከአዳማው ወይም ከድሬዳዋው ፋብሪካ ጋር ብቻ እንዳልሆነ ባለሀብቱ ከወዲሁ ሊያውቀው ይገባል።

የዕርዳታው ስንዴ

በምሥራቅ ሐረርጌ በሴፍቲኔት ፕሮግራምና በአስቸኳይ እርዳታ የሚታደለው ስንዴ ለብዙ ዓመታት የገበያው አካል ሆኖ ኖሯል። ተረጂው ከተሰጠው ከፊሉን ሸጦ ማሽላ፣ ዘይት ወይም ጨው ይገዛል። ይህ ስንዴ በጅምላ በሚገባበት ወር የሌላው ዋጋ ይረግባል፤ በቀረበት ወር ይነሣል።

በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም የምግብ እርዳታው ከታለመለት ሰው ውጭ እየዋለ ነው በማለት በመላ አገሪቱ ሥርጭቱን ለወራት አቁመው ነበር። የአሜሪካው ድርጅት ራሱ በሰኔ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ እንደ ድርጅት ሥራውን አብቅቷል። ይህ ለተረጂው ቤተሰብ ከባድ ጉዳይ ነው፤ ለገበያው ደግሞ አንድ የቆየ የአቅርቦት ምንጭ እርግጠኛ አለመሆኑን ያሳያል። በሌላ በኩል እርዳታው በአገር ውስጥ ግዢ እንዲተካ ከተደረገ ለአርሲና ለአዋሽ ሸለቆ ገበሬ አስተማማኝ ገዢ ይፈጠራል። ራስን መቻል ትርጉም የሚያገኘው ትርፍ ያለበት ወረዳ እጥረት ያለበትን ወረዳ መመገብ ሲችል ነውና።

ለነጋዴውና ለባለሀብቱ

ከላይ የተዘረዘረውን ወደ ሥራ ለመለወጥ አንድ ቀላል ስሌት እንውሰድ። አንድ ነጋዴ በጥር ወር ኩንታሉን በ5,000 ብር ገዝቶ ለ6 ወር አከማቸ እንበል። ገንዘቡ በዓመት 18 በመቶ ወለድ የተበደረው ከሆነ የ6 ወሩ ወለድ 450 ብር ነው። በነቀዝ፣ በእርጥበትና በመንጠባጠብ 3 በመቶ ቢያጣ 150 ብር ይሆናል። ለመጋዘንና ለጉልበት 100 ብር ይጨመር። ስለዚህ በሐምሌ ከ5,700 ብር በታች ከሸጠ ከስሯል፤ የደከመበትም አልተቆጠረም። በዚህ መካከል የመስኖው ምርት ከገባ፣ የእርዳታ ስንዴ ከታደለ ወይም ኬላ ከተዘጋ ስሌቱ ይፈርሳል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን ዋጋና የራሱን ወለድ አስገብቶ ሊሠራው ይችላል።

መጋዘን ለመሥራት የሚያስብ ባለሀብት በበኩሉ ጣሪያና ግድግዳ ብቻ አይበቃውም። እርጥበት መለኪያ፣ ሚዛንና የጥራት ደረጃ ያለው መጋዘን ነው ባንክ በእህሉ ላይ እንዲያበድር የሚያደርገው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በቆሎና ስንዴን ለማገበያየት አስቦ ነበር። ሆኖም የእህሉ ግብይት ጥቂት ሆኖ በ2001 ዓ.ም. የተቋሙ ዋና ሥራ ወደ ቡና አዘነበለ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን እህል በየመንደሩ በጣሳና በኩንታል፣ በዓይንና በመዳፍ የሚሸጥ በመሆኑ አንድ ወጥ ደረጃ ማውጣት ማስቸገሩ ነው። ይህን ክፍተት የሞላ ነጋዴ ትርፉን የሚያገኘው ከዋጋ ንረት ሳይሆን ከአገልግሎት ነው። እንዲህ ያለው ትርፍ ደግሞ ኬላም ወሬም አይነካውም።

ደላላውም ድርሻ አለው። «የየት ነው?» ለሚለው ጥያቄ እውነተኛውን መልስ የሚሰጥ፣ የባሌውን ከእርዳታው፣ የዳቦውን ስንዴ ከዱረሙ የማይደባልቅ ደላላ ደንበኛው አይርቀውም። ፓስታ ፋብሪካ ዱረም ይፈልጋል፣ ዳቦ ቤት ለስላሳውን ይፈልጋል፤ ሁለቱን ቀላቅሎ በአንድ ዋጋ መሸጥ ለአንድ ቀን ያተርፍ ይሆናል እንጂ ገበያ አያቆምም።

የሐረር ሰው ስለ በር ማንም ሊያስተምረው አይችልም። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠራው የጀጎል ግንብ አምስት በሮች ነበሩት፤ በየምሽቱ ይዘጉና ቁልፋቸው ለአሚሩ ይገባ ነበር። ጠዋት ሲከፈቱ ገጠሩ እህሉን ይዞ ይገባል፣ ከተማው ጨርቁንና ጨውን ይሸጥለታል። ግንቡ ከተማዋን ከጠላት ጠበቃት፤ ያበላት ግን የበሮቹ መከፈት ነው። የአገሪቱ የስንዴ ጉዳይም ከዚህ አይለይም። ዘር፣ ውኃና ማዳበሪያ ምርቱን ያበዛሉ። ራሳችንን ችለናል የሚለው ቃል እውነትነቱ የሚፈተነው ግን የባሌው ስንዴ ያለ ኬላ ተጉዞ፣ ለገበሬውም ሆነ ለሸማቹ በሚበጅ ዋጋ ሸዋ በር ሲራገፍ ነው። ነጋዴውም እስከዚያው «የየት ነው?» ማለቱን አይተው።